ቀፎው ተሰጠ፣ አበባውስ?

አቃቂ በሰቃ፣ ወደ አባ ሳሙኤል በሚወስደው አቅጣጫ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቀፎ አለ። አንደኛው ቢጫ ቀለም የተቀባ ዘመናዊ ቀፎ ነው፤ በአራት እግሩ ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ክዳኑ ላይ በርበሬ ተሰጥቶበታል። ሁለተኛው ከሐረግና ከቀጭን እንጨት ተጠፍሮ በእበትና በጭቃ የተመረገ፣ ከኩሽናው ጀርባ ጣሪያ ሥር የተጋደመ የድሮ ቀፎ ነው። ንብ የሚገባ የሚወጣው በዚህኛው ነው። የግቢው ባለቤት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው።

«ጋሼ፣ ቢጫው ለምን ባዶ ሆነ?» አልኳቸው።

«ሁለት ጊዜ ንብ አስገባሁበት፣ ሁለት ጊዜም ጥሎ ሄደ» አሉኝ። «ቀፎውን ሰጡኝ። ልብሱንም፣ ጓንቱንም፣ ማጨሻውንም ሰጡኝ። ንቡ የሚበላውን ግን ማን ይስጠኝ ልጄ?»

በየስብሰባው «ንብ ማነብ ደንን ይጠብቃል፣ የዱር ሕይወትን ይታደጋል» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ በርበሬ የተሰጣበት ቀፎ ዓይኔ ላይ ይመጣል። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ማር ከአበባ ነው፣ አበባ ከዛፍ ነው፤ ስለዚህ ማር የሚቆርጥ ሰው ዛፍ አይቆርጥም ነው ስሌቱ። ያማረ ስሌት ነው። አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል፤ ዛፉ የማን እንደሆነ አይናገርም። ማር ቆራጩ፣ መጥረቢያ ይዞ የመጣውን ሰው «ተው!» የማለት መብት ከሌለው፣ ማሩ የቱንም ያህል ቢጥም ደኑን አያድነውም። በአገራችን ንብ ደን የጠበቀባቸው ቦታዎች እንዳሉ እናውቃለን። እዚያ የተሠራውና እዚህ የሚሠራው ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም።

ከአቃቂ እንጀምር። አቃቂ ጥቁር መሬት ነው፤ ክረምት እግር ይዞ የሚያስቀር ጭቃ፣ በጋ ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚበቅልበት አገር ነው። ለንብ የዓመቱ ዋና ድግስ መስከረምና ጥቅምት ነው። አደይ አበባው፣ መቹ፣ ማጌጡ አንድ ላይ ይፈነዳል፤ ንቡ ከማለዳ እስከ ማታ ሲመላለስ ይውላል፤ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዓመት ድግስ ሳይሆን ጉርሻ ነው። ግራዋ፣ ግራር፣ ባሕር ዛፍ፣ በልጉ ከቀናም ብሳና እየተቀባበሉ ንቡን እስከ ክረምት ያደርሱታል። ክረምት ራሱ ለንብ የረሃብ ወር ነው፤ ዝናቡ አያስወጣም፣ ቢያስወጣም አበባ የለም።

እንግዲህ በዚህ አቆጣጠር ላይ የመጣውን እንይ። መች ለንብ ሲሳይ ነው፤ ለገበሬው ግን አረም ነው። ድሮ በእጅ ይታረም ነበር፤ በእጅ የሚታረም ማሳ ደግሞ ምን ጊዜም የሚተርፈው አለ፤ በየድንበሩና በየቦዩ ዳር ያለውንም የሚነካው አልነበረም። አሁን ቱ ፎር ዲ የሚባለው ፀረ አረም አለ። ይህ ኬሚካል ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሲረጭ ሰፊ ቅጠል ያለውን ሁሉ አድርቆ ጤፉንና ስንዴውን ይተዋል። ንቡን አይገድለውም፤ መርዝ ተረጭቶ የሞተ ንብ ፈልጎ ቀፎ ሥር የሚጎነበስ ባለሙያ ምንም አያገኝም። ጉዳቱ የሚታየው መስከረም ላይ ነው። ንቡ ከቀፎው ወጥቶ ሲዞር የሚያገኘው አረንጓዴ የጤፍ ባሕር ብቻ ነው፤ ጤፍ ደግሞ ለንብ ወለላ የለውም። ገበሬውን መውቀስ አይቻልም። የቀን ሠራተኛ ጠፍቷል፣ ቢገኝም ዋጋው ከኬሚካሉ ይበልጣል። ግን ያ ቢጫ የመስከረም ሜዳ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መሄዱን የማያይ የአቃቂ ሰው የለም።

ከማሳው የተረፈውን ቤት ወሰደው። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በቂሊንጦ በኩል የነበረው እርሻ ኮንዶሚኒየምና ፋብሪካ ሆኗል። ሰው የሚኖርበት ቤት ያስፈልገዋል፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን በየሕንፃው መሐል የተተከለው ሣርና ዘንባባ ለንብ ከአስፋልት ብዙም አይሻልም።

ውኃውም አለ። ንብ ውኃ ትጠጣለች፤ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። በበጋ ሙቀት ቀፎዋን የምታቀዘቅዘው ውኃ እያመጣች ነው፤ ለእጮቹ የምታበላውንም በውኃ ታቀጥነዋለች። በአቃቂ ውኃ ማለት ወንዙ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከሰሜን የከተማዋ ጫፍ ተነስተው፣ የከተማዋን ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካውንና የሌላውንም ሁሉ ተሸክመው፣ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ። አዛውንቱ ይህን በሚገባ ያውቃሉ። ከቀፎው አራት እርምጃ ርቆ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጠው፣ ንቦቹ ቆመው እንዲጠጡበት ጠጠር ሞልተውበት፣ ጠዋት ጠዋት የቧንቧ ውኃ ያፈሱበታል። «ወንዝ እንዳይወርዱ ነው» አሉኝ። ለከብት እንኳ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

አባ ሳሙኤልን ካነሳን አይቀር፣ በዚህ ሰፈር የዱር ሕይወት ሲባል በመጀመሪያ የሚነሳው እርሱ ነው። የአገሪቱ ቀዳሚ የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ይህ ሐይቅ ለረጅም ዓመታት ኃይል ማመንጨቱን አቁሞ ቆይቶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ሥራ ጀምሯል። እምቦጭ ቢወርረውም፣ ደለልና ቆሻሻ ቢሞላውም፣ ዳርቻው እስከ ዛሬ የወፍ አገር ነው። በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ በኩል የሚመጡ ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ስደተኛ ወፎች አጨዳው ያለቀበት ማሳ ላይ ወርደው ይለቅማሉ። ፈረንጆቹ ክሬን ይሏቸዋል፤ አቃቂ ላይ ግን ክሬን ሲባል ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ኮንዶሚኒየሙ ላይ የቆመውን ብረት ነው። የሐይቁ ዳርቻ ሸምበቆና ቁጥቋጦ ለወፉ መጠለያ፣ ለንቡ መቅሰሚያ ነው። ሁለቱን የሚያፈናቅለው ነገርም አንድ ነው፤ እስከ ውኃው አፍ ድረስ የሚታረሰው መሬትና እስከ ውኃው አፍ ድረስ የሚደፋው አፈር።

አሁን ወደ ፖሊሲው። የሌማት ትሩፋት የተባለው ዘመቻ ኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ሲጀመር ከወተት፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጎን ማርም ነበረበት። የከተማ ግብርናውም ይህንኑ ተከትሎ ንብ ማነብን በየወረዳው አስገባ። እንደ ምግብና እንደ ገቢ ሐሳብ ጥሩ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ናት፤ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቶን ታመርታለች፤ አብዛኛው ማር ግን የሚገኘው ዛሬም ከባህላዊ ቀፎ ነው። ባህላዊ ቀፎ በአንድ ቆረጣ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ይሰጣል ከተባለ ዘመናዊው 15 እና 20 ሊሰጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ማሩ በማጣሪያ ተሽከርክሮ ሲወጣ ሰፈፉ ሳይፈርስ ለንቡ ይመለስለታል፤ ንቧም ሰም ለመሥራት የምታቃጥለው ማር ይተርፋታል። ከሁሉም በላይ ዘመናዊ ቀፎ ለሪፖርት ይመቻል። ይቆጠራል። በአንድ ወረዳ ይህን ያህል ቀፎ ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ወጣት ተደራጀ ይባላል። ስንት ጋሻ አበባ ተጠበቀ ተብሎ የቀረበ ሪፖርት ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ንብ ከቀፎዋ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለ ችግር ትሄዳለች፤ ሲርባት ከዚያም ታልፋለች። በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው ስፋት 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። አዛውንቱ ያላቸው ግቢ ከ200 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ንባቸው የምታርሰው 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ግን የሺህ ሰው ነው፤ የገበሬው፣ የፋብሪካው፣ የቤተ ክርስቲያኑ፣ የኮንዶሚኒየም ማኅበሩ፣ የመንገዱ፣ የወንዙ። ንብ አናቢ በዓለም ላይ ያለ መሬት የሚያርስ ብቸኛ ገበሬ ነው። በዚያው 28 ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ አሥር ቀፎ ብትጨምር አሥር እጥፍ ማር አታገኝም፤ ያንኑ አበባ ለአሥር ታካፍለዋለህ። ስዊዘርላንድ ውስጥ 14 ከተሞች ላይ የተሠራ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ3 ሺህ ትንሽ ከፍ ይል የነበረው የቀፎ ብዛት በ2018 ከ9 ሺህ አልፏል፤ አበባው ግን አብሮ አላደገም፤ ተመራማሪዎቹም እንዲህ ሊቀጥል አይችልም አሉ። የእኛ ንብ የአገሩ ተወላጅ በመሆኑ ከአውሮፓ ከተሞች ጋር ሙሉ በሙሉ አይመሳሰልም፤ አበባ ግን እዚያም እዚህም የሚያልቅ ነገር ነው።

እና ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚጎዳው ቀፎ ያለው ንብ አይደለም። ጣዝማን አስቡ። ጣዝማ መሬት ውስጥ የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ትንሽ የዱር ንብ ናት፤ ማሯ ለጉሮሮና ለሳል መድኃኒት ነው እየተባለ ከተራ ማር በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ጎጆዋን የሚያውቅ ሰው ቆፍሮ ሲያወጣ ጎጆዋ አብሮ ይፈርሳል። ቀፎ የሚያከፋፍልላት፣ ስኳር በጥብጦ የሚሰጣት፣ ሪፖርት የሚጻፍላት የላትም። የዱር ሕይወት ጥበቃ ማለት ዝሆንና ዋልያ ብቻ ካልሆነ፣ ጣዝማ ከጎናችን የምትጠፋ የዱር እንስሳ ናት።

ንብ ደን የጠበቀችበትን ቦታ ለማየት ወደ ደቡብ ምዕራብ መሄድ ያሻል። ካፋ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆነው ተመዝግበዋል፤ ካፋ ብቻውን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሔክታር ነው። ምዝገባው ደኑን አልፈጠረውም፤ ደኑ ቀድሞ የነበረው ሰው ስለሚጠቀምበት ነው። በሸካ ኮቦ የሚባል ሥርዓት አለ። ኮቦ ማለት አንድ ሰው ቀፎውን የሚሰቅልበት የደን ድርሻ ነው። ከአባት ለልጅ ይወረሳል፤ ድንበሩ በወንዝ፣ በሸንተረር፣ በታወቀ ዛፍ ይለያል። ሌላው ሰው ሊያልፍበት፣ ጭራሮ ሊለቅምበት ይችል ይሆናል፤ ቀፎ ሊሰቅልበት ግን አይችልም፤ ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ መቁረጥማ ቤት እንደ ማፍረስ ነው። ባለ ኮቦው ደን ጠባቂ ተብሎ ደመወዝ አልተቆረጠለትም። የሚጠብቀው ማሩን ነው፤ ማሩን ሲጠብቅ ዛፉ አብሮ ይጠበቃል።

ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚጠበቅም ማየት ያስፈልጋል። የዚያ አገር ነጭ ማር በአብዛኛው የጌተም ማር ነው። ጌተም ብዙ ጊዜ መሬት ላይ አይበቅልም። ዘሩ ሽበት ባወጣ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ሽበቱ ውስጥ በቅሎ፣ ሥሩን ቀስ እያለ ወደ መሬት ይሰዳል። ይህ ማለት የጌተም ማር የፈለገ ሰው ጌተሙን ብቻ ጠብቆ አይሆንለትም፤ ጌተሙን የተሸከመውን አሮጌ ዛፍ መጠበቅ አለበት፤ ዘሩን በልታ ቅርንጫፉ ላይ የምትጥለው ወፍ መኖር አለባት፤ ጉሬዛው የሚዘልበት የዛፍ ጫፍ ሳይበጣጠስ መቆየት አለበት። ዶቅማውም እንደዚያው ነው፤ አበባውን ንብ ታዳቅለዋለች፣ ፍሬውን ወፍና ዝንጀሮ ይበላዋል፣ ዘሩ ሌላ ቦታ ይወድቃል። አንድ ኪሎ ነጭ ማር ቆሞ የሚገኘው በዚህ ሁሉ ትከሻ ላይ ነው። በዘመቻ ተተክሎ በሦስት ዓመት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ በክረምት በአንድ ቀን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ችግኝ ተከልን ሲባል የማጨበጭብ ሰው ብሆንም፣ ለንብ ሲሆን የምጠይቀው ስንት ተተከለ ብዬ ሳይሆን ምን ተተከለ፣ ምንስ ሳይቆረጥ ቀረ ብዬ ነው።

ኮቦን ግን ገነት አድርጎ መሳል ልክ አይሆንም። ባህላዊው ቀፎ ራሱ ከእንጨት ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራበት ቦታ ብዙ ነው፤ ለቀፎው ሲባል ግንድ ይወድቃል። ማታ በችቦ ማር ሲቆረጥ የወደቀ ፍም በበጋ ደን ያቃጥላል። ኮቦ የሌለው ሰውም አለ፤ መሬት የሌለው፣ ከጥንት ጀምሮ ወደ ዳር የተገፋ፣ ከሰል አክስሎ ከመሸጥ ሌላ አማራጭ ያልተተወለት። እርሱ ለኮቦው ድንበር ለምን ብሎ ይጨነቃል? በላዩ ላይ መንግሥት አለ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ኮቦ በወረቀት ጠፋ፤ በሰው ልብ ግን ቀረ። በኋላ ደግሞ ለሻይና ለቡና ልማት መሬት ሲሰጥ፣ ካርታው ላይ «ባዶ ደን» ተብሎ የተሠመረው ቦታ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ኮቦ ነበር። ባለ ኮቦው ለባለሀብቱ «ተው!» ማለት አልቻለም። ንቡ ነበረ፣ ማሩ ነበረ፣ እውቀቱም ነበረ፤ መብቱ ሲጠፋ ደኑ ሄደ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለው አሠራር የመጣው ይህን ለመጠገን ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ ከመንግሥት ጋር ሆኖ በጊንጪ አጠገብ በጭሊሞ ደንና በቦንጋ ጀመረው፤ የሚሠራበትም መንገድ ቀላል ነው። የአካባቢው ሰው በኅብረት ሥራ ማኅበር ይደራጃል፣ የደኑ ድንበር በካርታ ይለያል፣ ማን ምን ያህል ይጠቀማል የሚል መተዳደሪያ ይጻፋል፣ መንግሥትና ማኅበሩ ውል ይፈርማሉ። ማርና ቡና ለማኅበሩ ገቢ ይሆናሉ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብንና የማኅበርን ደን በስም አውቆታል። በሸካ ግን ጥገናው ራሱ ሌላ ስንጥቅ ፈጠረ። ማኅበሩ ደኑ የሁላችንም ነው ሲል፣ ባለ ኮቦው «ይህማ የአባቴ ድርሻ ነው» አለ። የተሳካላቸው ቦታዎች የሁለቱን ስምምነት ያገኙት ኮቦውን ሳያፈርሱ፣ ባለ ኮቦውን የማኅበሩ አባል፣ ኮቦ የሌለውንም የጥቅሙ ተካፋይ አድርገው ነው። ይህ ዝርዝር በየፕሮጀክቱ ሪፖርት ግርጌ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ግን የጉዳዩ እምብርት ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ገበያውም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውሮፓ ኅብረት የኢትዮጵያን ማር ወደ ገበያው ለማስገባት ሲፈቅድ ብዙ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ዞሮ ዞሮ ግን አብዛኛው ማር የሚገባው ጠጅ ጋን ውስጥ ነው። ጠጅ ጣይ ንጹሕ ማርና ንጹሕ ያልሆነ ማር መለየት አያሻውም፤ ስለዚህ ደን የጠበቀው ሰውና ስኳር የደባለቀው ሰው አንድ ዋጋ ያገኛሉ። ወንጪ ላይ የተሞከረው ከዚህ ለመውጣት ነው። የወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ማር የስሎው ፉድ እንቅስቃሴ በስሙ የሚያስተዋውቀው ማር ነው፤ ገዢው የሚገዛው ጣፋጭነቱን ብቻ ሳይሆን አስታውንና ገደሉን ጭምር ነው። ወንጪ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ መመረጡም ለዚህ ማር አልጎዳውም።

ንብ የዱር ሕይወትን የምትታደግበት ሌላም መንገድ አለ፤ ዝሆን ንብ ይፈራል። ኬንያ ውስጥ ሉሲ ኪንግ የተባለች ተመራማሪ የንብ ድምፅ ቀድታ ስታሰማቸው ዝሆኖቹ ሸሹ፤ ከዚያ ተነስታ በማሳ ዙሪያ በሽቦ የተያያዙ ቀፎዎች አጥር አደረገች። ዝሆኑ ሽቦውን ሲነካ ቀፎው ይወዛወዛል፣ ንቡ ይወጣል፣ ዝሆኑ ይመለሳል፤ ገበሬው ደግሞ ማር ያገኛል። ከገበሬ ጋር በየዓመቱ ለሚጋጨው የባቢሌ ዝሆን ይህ መሞከር ያለበት ነገር ነው። በሰሜን ኬንያ ቦረናዎች ዘንድ ደግሞ ማር መሪ ወፍ አለች። ሁሴን አዳን ኢሳክ የተባለ ኬንያዊ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ጥናት፣ ማር ፈላጊው ያለ ወፏ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅበት፣ ወፏ ስትመራው 3.2 ሰዓት ይበቃዋል። ለወፏ የሚተርፋት ሰምና እጭ ነው። ክፍያ የሌለው ውል የለም፣ ወፍም ብትሆን።

ወደ አቃቂ ስንመለስ ኮቦ የለም፤ ኮቦ የሚሆን ደንም የለም። ሆኖም ኮቦ የሚመስል ነገር አንድ ቦታ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛው እዚያ የቆመው ዘበኛ ስላለው ሳይሆን የማን እንደሆነ ስለሚታወቅ ነው፤ ዛፉን ለመቁረጥ መጥረቢያ የያዘ ሰው ማንን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የንብ የጥንት ዘመድ ናት፤ ጧፍ ከሰም ይሠራ ነበር። ዛሬ የሚበራው ጧፍ ብዙውን ጊዜ ፓራፊን ነው፤ ሽታው ራሱ ይነግርሃል። አንድ የአቃቂ ደብር በግቢው ዛፍ ሥር ቀፎ አስቀምጦ የራሱን ሰም ቢያገኝ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶችም ማሩ ቢተርፍ፣ ማን ይቃወማል? ግቢው ሰፊ ነው፣ ከሰው መተላለፊያ ራቅ ያለ ጥግም አይጠፋውም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእኛ አገር ንብ ቁጡ ናት፣ ልጆች የሚጫወቱበት የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ቀፎ ማስቀመጥ ጎረቤት ማጣላት ነው።

ሁለተኛው ቦታ የወንዝ ዳርቻው ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ የወንዝ ዳርቻን ለማልማት ሸገርን ማስዋብ ከተባለው ጀምሮ ብዙ ገንዘብ ፈሷል። የዳርቻው ተክል የሚመረጠው ግን ለዓይን ነው። ግራዋ፣ ብሳና፣ ዋንዛ፣ የአገሩ ግራር ውበት ያንሳቸዋል ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጥር ላይ ግራዋ ሲያብብ ነጭ ቀሚስ የለበሰ ይመስላል፣ ንቡም አጠገቡ ሲያልፉ ይሰማል። ባሕር ዛፍንም እዚህ ላይ ልሟገትለት። በየስብሰባው ውኃ ጠጪ ተብሎ ይረገማል፤ የአዲስ አበባ ንብ ግን በደረቁ ወራት በሕይወት የምትቆየው በአብዛኛው በእርሱ ነው። ባሕር ዛፉን ቆርጠህ ዘንባባ ስትተክል ቀፎ ባዶ እያደረግህ መሆኑን ማወቅ አለብህ።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 660 ስሙ ራሱ የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ነው። ቢሮዎቻችን የሚቆጥሩት የልማቱን ግማሽ ነው፤ የጥበቃው ግማሽ መደርደሪያ ላይ ነው። ሆለታ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የንብ ምርምር ማእከል አለ፤ ተመራማሪዎቹ የንብ ዕፅዋትን በየወሩ አበባቸው ዘርዝረዋል፣ ንብ የጎበኘችው ኑግ ምርቱ እንደሚጨምርም አሳይተዋል። ከሆለታ አቃቂ ያን ያህል አይርቅም። ለአንድ ወረዳ መቶ ቀፎ ከማከፋፈል በፊት ያ ዝርዝር ተይዞ፣ እዚህ ሰፈር በጥር ምን ያብባል፣ በሰኔ ምን ያብባል፣ የሚረጨው መቼ ነው፣ ውኃው የት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መቶው ቀፎ ወደ ሃያ ሊወርድ ይችላል። ሃያው ግን በርበሬ አይሰጣበትም። ገበሬው መርጨቱን እንዲያቆም መጠየቅም አያስፈልግም፤ የማሳውን ድንበርና የቦዩን ዳር ፀረ አረም ሳይረጭ ቢተው መቹ ይተርፋል፤ ፀረ ተባይ የሚረጭ አትክልተኛ ንብ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ቢረጭ ንቡ ይተርፋል። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት ሳይሆን ምክንያት ነው፤ ገበሬው ለሌላ ሰው ንብ ብሎ ለምን ይቸገራል?

ይህንኑ ጥያቄ አዛውንቱን ጠየቅኋቸው። አጥራቸው ዳር ግራዋ ተክለዋል፤ ከአጥሩ ማዶ ወንዝ ስቦ ጎመንና ቲማቲም የሚያለማ ወጣት አለ። ቅጠሉ ላይ የቀረውን ጠብታ እየጠጣ ንባቸው አልቆባቸው ነበር፤ ጠዋት በመጥረጊያ ጠርገው እንደጣሉት ነገሩኝ። ከዚያ ማዶ ተሻግረው አነጋገሩት፤ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዲረጭ ለመኑት።

«እሺ አለዎት?»

«አለኝ።»

«እንዲሁ?»

ሳቁ። «‹ማሩን ሲቆርጡ እኔን እንዳይረሱኝ› ነው ያለኝ። ኅዳር ላይ አንድ ሳህን እሸት ማር ከነሰፈፉ በእጄ ወሰድኩለት። አሁን እኔ ሳልነግረው እርሱ ነው ‹ጋሼ፣ ዛሬ ማታ እረጫለሁ፣ ሳህኑን ክደኑት› ብሎ የሚጠራኝ።»